ምድር ቤት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ወደ ላይ ጫንሁ፣
በብረት ሣጥን ውስጥ ቁልፍ ስጫን ኖርሁ።
በርጩማዬ ላይ፣ መስኮት በሌለበት፣
አሥራ አንድ ፎቅ ወጣሁ፣ ሰማይ ሳላይበት።
"ስንተኛ?" ነበር ቃሌ፤ ጠዋትም "ስንተኛ?"፣
ማታም "ስንተኛ?"፤ እራት በልቼ ስተኛ
ሚስቴ አመልማል ትስቃለች፣
"ዛሬም በእንቅልፍህ ሰው አሳፈርህ" ትለኛለች።

በጥቅምት አዲስ ሊፍት መጣ፣ የሴት ድምፅ ያለው፣
ፎቁን ራሱ የሚጠራው።
ብርድ ልብስ ሰጡኝ፣ ደብዳቤ ከነማኅተሙ፤
አንብቤ ሳልጨርስ ወጡ፣ በሩን ከፊቴ ገጠሙ።

ዛሬ ሃያ ሦስት ነው፤ ከለገሃር ተነሣሁ፤
የታክሲ ሳንቲሜን ሆን ብዬ ረሳሁ።
ልማድ ነው፤ ዳገቱን በፎቅ በፎቅ ቆጠርሁ፣
ባቡር ጣቢያው ፊት "ምድር ቤት" ብዬ ጀመርሁ።
ጥቁር አንበሳ አጠገብ "ሁለተኛ!" ስል ጮክ ብዬ፣
ፍራሽ የተሸከመ ልጅ ዞረ፤ "እኔን ነው አባብዬ?"
"ሁለተኛ ደርሰናል፤ ወራጅ ካለ" አልሁት፤ ሳቀ፣
ፍራሹ ከራሱ ላይ እየተወዛወዘ ራቀ።

ቸርችል ከታች ሲያዩት ጨርቅ ነው የተዘረጋ፤
እጥፋቱን ጉልበቴ አወቀው፣ ከፍሎ በዋጋ።
ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ትንፋሼ "ቆይ" አለኝ፤
አዲስ የተተከለ የመንገድ ወንበር ጋበዘኝ።
አንዲት ሴትዮ ከጎኔ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ጧፍ በፌስታል ይዛ፣ ፌስታሉን አጥብቃ፦
"ከኋላዎ ነበርሁ" አለች፣ "ሲቆጥሩ እየሰማሁ፤
ስድስት ላይ ተምታታብኝ። ስንተኛ ነኝ? ስንት ወጣሁ?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ጠይቄ
መልሱ ዛሬ ከበደኝ፤ ዝም አልሁ ተጨንቄ።
"ሰባተኛ" አልሁ በኋላ፤ "መብራት ጠፍቶ ነው የቆምነው።"
ሳቀች፤ የያዘችውን ብርቱካን እኩል ገመስነው።

የወርቅውሃ ትባላለች፤ ዶሮ ማነቂያ ነበር ቤቷ፤
አሁን አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለሽ ናት ሕይወቷ።
"ድሮ ለጊዮርጊስ ከደጄ መቶ እርምጃ፤
ዛሬ ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ፣ ቀሪው በደረጃ።"

ማዘጋጃ ቤቱን አልፈን፣ "ዘጠኝ፣ አሥር" እያልን ባንድ አፍ፣
ደረስን ከጊዮርጊስ ደጃፍ።
እሷ ጧፏን ለኩሳ ስምንት ማዕዘኑን ተሳለመች፤
"ዞር ብለው ይዩ" አለችኝ፣ በአገጯ ቁልቁል ጠቆመች።

ዞርሁ።
ለካ ከተማ አለ።

ቆርቆሮ፣ መስታወት፣ ክሬን አንገቱን አስግጎ፣
ጎዳናው ቁልቁል ይፈስሳል፣ ባቡር ጣቢያውን ፈልጎ።
ከወዲያ ፉሪ ተራራ፣ ጭጋጉን ለብሶ ተኝቶ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ነበር፣ ከብረቱ ማዶ ቀርቶ።

የኔን ሕንፃ ፈለግሁ፤ በጣቴ አየር ላይ ቆጠርሁ፤
አንዱን አልሁ፣ ሌላውን አልሁ፣ ከሁሉም ተከራከርሁ።
ቆይቶ ተገለጠ፤ ከረጃጅሞቹ እግር ሥር
በርጩማ አክሎ ቁጭ ብሏል፣ ሰው የማያየው ከኔ በቀር።
"ያ ነው" አልኋት። "የቱ?" አለችኝ። "ክሬኑ መጥቶ ሸፈነው።"
ክሬኑስ ወዲያ ማዶ ነው፤ የተሸፈነው ዓይኔ ነው።

እሷም ሰፈሯን ፈለገች፣ አንገቷን ባጥሩ አውጥታ፤
"ጓዳዬ ያ ሣር ነው" አለች፤ ደግሞ ጥቂት ቆይታ፦
"አይ፣ ጓዳስ አይደለም፤ አልጋዬ ነው የነበረበት።"
አንድ ልጅ በብስክሌት ሁለት ጊዜ አለፈበት።

ስንወርድ አልቆጠርንም።
ፒያሳ፣ ረዳቱ "ሞላ!" ሲል፣ በሩን በእጄ ይዤ
እስክትገባ ጠበቅሁ፤ ጣቴ
ከበሩ ዳር ቁልፍ ፈለገ፤ ቆምሁ እዚያው ፈዝዤ።
"በሚመጣው ሃያ ሦስት" አለች በመስኮት፣ "ብርቱካኑ ከእርስዎ ነው።"
ታክሲው ሄደ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዓቱ ገና አራት ነው።